ባለቁንጮ ላርክ ወይስ ቴክላ ላርክ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜዳ ላይ ሁልጊዜ የሚምታቱት የእነዚህ ሁለት እህትማማች ወፎች ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ እነሆ፤ ክሬስትድ ላርክን እዚህ «ባለቁንጮ» ብለናታል።

ላርክ የምትባለው ምን ዓይነት ወፍ ናት?

ላርኮች መሬት ላይ የሚለቅሙ፣ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ትናንሽ ዘማሪ ወፎች ናቸው። በዓለም ላይ 100 ገደማ ዝርያዎች ሲኖሩ አብዛኞቹ የአፍሪካ ናቸው። መልካቸው የአፈርና የደረቀ ሳር ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያያቸው ግጦሹን ሲያቋርጥ ከእግሩ ሥር ብር ብለው ሲነሡ ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ተመልሰው ያርፋሉ፣ ከዚያም እንደገና ይጠፋሉ።

ከድንቢጥ የሚለያቸው አካሄዳቸው ነው። ድንቢጥ ሁለት እግሯን አጋጥማ ትዘላለች። ላርክ ግን እግሯን እያፈራረቀች ቱር ቱር ትላለች፣ ትቆማለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ደግሞ ቱር ትላለች። የኋላ ጣቷ ጥፍር ረጅም ነው። ወንዱ እየዘፈነ ወደ ሰማይ ይወጣና በአንድ ቦታ ላይ እየተርገበገበ ይቆያል።

ሁለቱ ለምን ይህን ያህል ይመሳሰላሉ?

ጋሌሪዳ የሚባል የአንድ ወገን ልጆች ስለሆኑ ነው። የወገኑ ስም ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ቆብን ያመለክታል። ሁለቱም አናታቸው ላይ የሚቆም ላባ አላቸው፣ ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ የሁለቱም ደረት በጥቁር ጭረት የተዥጎረጎረ ነው፣ የሁለቱም ክንፍ ሰፊና ጫፉ ዱልዱም፣ ጅራታቸውም አጭር ነው።

መጠናቸው በጥቂቱ ይለያል። ባለቁንጮዋ ከ17 እስከ 19 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ ክብደቷም ከ37 እስከ 55 ግራም ነው። ቴክላ ከ15 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ስትሆን 40 ግራም የምትሞላው ከስንት አንዴ ነው። ይህ ልዩነት በእጅ ሲይዟቸው ይታወቃል። አንዷን ብቻዋን ሜዳ ላይ ላየ ሰው ግን አይጠቅምም፤ የቀዘቀዛት ትንሽ ወፍ ላባዋን ነፍታ ትልቋን ታክላለችና።

የት ሆኜ የትኛዋን ልጠብቅ?

ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ባይኖኩላር ሳይነሣ ግማሹን ሥራ ይጨርሰዋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ቁንጮ ያላት ላርክ ካዩ ቴክላ ናት ብለው ይጀምሩ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው የሱሉልታ ሜዳ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ግጦሾች፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች የምትገኘው እሷ ናት። ድንጋይ የበዛበት የግጦሽ መሬት፣ የድንጋይ ካብ፣ የታረሰ ማሳ ጠርዝ፣ ቁጥቋጦ ጣል ጣል ያለበት ተዳፋት ትወዳለች። ባለቁንጮዋ የቆላ ወፍ ናት። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሰሜን ሶማሊያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ደረቅ ቆላና በቱርካና ሐይቅ ዙሪያ አሸዋማ መሬት ላይ ትኖራለች።

ወደ ውጭ ሲወጡ ነገሩ ይገለበጣል። በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቴክላ የለችም። በመኪና ማቆሚያ ዳር፣ በግንባታ ቦታ፣ በአውራ ጎዳና ጠርዝ ቱር ቱር የምትለው ባለቁንጮዋ ናት። እስራኤል ውስጥ ኤፍሮኒ ይሏታል፤ ስሙ ከእኛው «አፈር» ጋር የሚዛመድ ነው። በዐረብኛ ላርኮች በጠቅላላው ቁባራ ይባላሉ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ቴክላን ለማየት ስፔን፣ ፖርቱጋል ወይም የፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ባለቁንጮዋ በሰፊው ነበረች፣ ነገር ግን ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከስዊዘርላንድ ጠፍታለች፣ ጀርመን ውስጥም በእጅጉ ተመናምናለች። አሜሪካ ያላችሁ ሁለቱንም አታገኟቸውም። የሰሜን አሜሪካ ብቸኛ ነባር ላርክ ሆርንድ ላርክ ናት። ሜዶላርክ የሚሏት ቢጫ ደረቷ ወፍ ስሟ እንጂ ዘሯ ላርክ አይደለም።

ረዘም ያለ ቁንጮ ካላት ባለቁንጮዋ ናት ማለት ነው?

አይደለም። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ይህ ስም ነው፤ ቁንጮው የሁለቱም ነውና።

ቅርጹ ግን ይጠቁማል። የባለቁንጮዋ ረጅምና ሹል ነው፣ ከአናቷ መሐል ተነሥቶ እንደ እሾህ ይቆማል። የቴክላ አጠር ብሎ ሲቆም እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ሲያስተኙት የሁለቱም ማጅራት ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ቀርቶ ይታያል። ንፋስ ከኋላ ከመታው የቴክላም ሹል ይመስላል። እርባታው አልቆ አሮጌው ላባ ሲያልቅ የባለቁንጮዋም ጫፉ ተበልቶ ያጥራል። ስለዚህ ቁንጮን ከሌላ ምልክት ጋር አብሮ እንጂ ብቻውን ማስረጃ አድርጎ አለመጻፍ ነው።

ታዲያ ከሁሉ የሚሻለው ምልክት የቱ ነው?

ምንቃር። እሱም በትክክል ከጎን የታየ ምንቃር።

የባለቁንጮዋ ምንቃር ረጅም ነው። የላይኛው ጀርባው ወደ ታች ጎበጥ ይላል፣ የታችኛው ግን ቀጥ ያለ መስመር ነው። አንድ ላይ ሲታዩ ምንቃሩ ወደ ታች ያዘነበለ ይመስላል። የቴክላ ምንቃር አጭርና ወፈር ያለ ነው። የላይኛው ይጎብጣል፣ የታችኛውም በበኩሉ ወደ ውጭ በትንሹ ሆዱን ያወጣል። ስለዚህ የታችኛውን ጠርዝ ብቻ ይዘው ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይን ይከተሉት። ቀጥ ካለ ወደ ባለቁንጮዋ፣ ከጎበጠ ወደ ቴክላ ያመራል። ልዩነቱ ከአመጋገብ ጋር ይሄዳል፦ ባለቁንጮዋ በረጅሙ ምንቃሯ አፈር ትቆፍራለች፣ ቴክላ ደግሞ ትናንሽ ድንጋይ እየገለበጠች ከሥሩ ነፍሳት ትለቅማለች።

የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በቅርቡ ከጎጆ የወጣች የባለቁንጮ ጫጩት ምንቃሯ ገና አድጎ አልጨረሰም፤ አጭር ስለሆነ ቴክላ ትመስላለች። ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብና ቅርፊት መሰል ጠርዝ ካዩ ወጣት ናትና በምንቃር አይፍረዱ። ሁለተኛ፣ እርጥብ አፈር ስትቆፍር የቆየች ወፍ ጭቃ ይጣበቅባትና የታችኛው ጠርዝ የጎበጠ ያስመስለዋል። ሦስተኛ፣ ወፏ ፊቷን በትንሹ እንኳ ወደ እርስዎ ካዞረች ማንኛውም ምንቃር አጭር ሆኖ ይታያል። ጎኗን እስክትሰጥ መጠበቅ ነው፤ ላርክ ደግሞ ካላስደነገጧት ብዙ አታስጠብቅም።

ደረቷ፣ ፊቷና ጅራቷስ ምን ይናገራሉ?

የቴክላ የደረት ጭረት ጠቆር ያለ፣ ጥርት ያለና ወፍራም ነው። በነጣ መደብ ላይ በቀለም ብሩሽ ጠብ ጠብ የተደረገ ይመስላል። የባለቁንጮዋ ደግሞ ደብዘዝ ብሎ ከሥሩ ካለው የገለባ መልክ ጋር ይደባለቃል። ፊታቸውም እንዲሁ ነው። ቴክላ ዓይኗን የከበበው ነጣ ያለ ቀለበት ደመቅ ብሎ ይታያል፣ የባለቁንጮዋ ፊት ግን ለዘብ ያለ ነው።

ጅራትን ስትነሣ ነው መያዝ። የሁለቱም የዳር ላባ ዳማ ነው እንጂ ነጭ አይደለም። ነጭ ካዩ ከመጀመሪያውም ሌላ ወፍ ነበረች። ቴክላ ከጅራቷ በላይ ያለው ላባ ዳማነቱ ጎላ ብሎ ከግራጫው ወገቧ ጋር ይነጠላል። ባለቁንጮዋ ላይ ይህ ድንበር ደብዛዛ ነው።

በድምፅ መለየት ይቻላል?

ይቻላል፣ ጆሮ ከለመደ በኋላ። የባለቁንጮዋ ጥሪ ጥርት ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል ያለው፣ ትንሽ የሚያሳዝን ፉጨት ነው፤ «ቱ-ዊ-ቲዩ» ይላል። የቴክላ ለስለስ ይላል፣ ዋሽንት ዋሽንት ይመስላል፣ ክፍሎቹም አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስትና ስድስት ይሆናሉ። ሁለቱም ከመሬት፣ ከቁጥቋጦ ጫፍና በአየር ላይ ሆነው ይዘፍናሉ፤ ቁጥቋጦ ላይ መቀመጥን የምታዘወትረው ግን ቴክላ ናት።

ችግሩ ሁለቱም የሰሙትን የሌላ ድምፅ አስመስለው መዝፈናቸው ነው። ጀርመን ውስጥ ባለቁንጮ ላርኮች እረኞች ለውሾቻቸው የሚያፏጩትን ትእዛዝ አስመስለው ሲያፏጩ ተመዝግቧል፣ ውሾቹም ታዘዋል። ስለዚህ ዘፈኑን ሳይሆን ጥሪውን ይያዙ። ጥሪው ወፏ ተነሥታ ስትበር ወይም ጓደኛዋን ስትጣራ የምታሰማው አጭር ድምፅ ነው። በስልክ ሲቀዱ ለነፋሱ ጀርባዎን ይስጡ፣ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ያህል ያለማቋረጥ ይቅዱ፣ በቅጂው መጨረሻም ቦታውንና ሰዓቱን በራስዎ ድምፅ ይናገሩበት። ድምፅ ለይቶ ስም የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ በእነዚህ ሁለቱ ላይ የሚሰጠው መልስ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ሱሉልታ ላይ ያየኋት ቁንጮዋ የማይታይ ነበረች፤ እሷም ቴክላ ትሆን?

ላትሆን ትችላለች። እዚያው ሜዳ ላይ አብራ የምትለቅም ኤርላንገር ላርክ አለች፤ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ወፍ ናት። ከቴክላ አነስ ትላለች። አናቷ ቀላ ያለ ዳማ ነው፣ ደረቷ ላይ ጭረት የላትም ማለት ይቻላል፣ በአንገቷ ግራና ቀኝ ደግሞ ጥቁር ነቁጥ አለ። ይህ ጥቁር ነቁጥ ከታየ ክርክሩ አበቃ።

ሌላዋ የምታደናግር አፍሪካን ፒፒት ናት። ላርክ አይደለችም፣ ግን ዥጉርጉር ደረቷና ቡናማ ጀርባዋ ያሳስታሉ። ሰውነቷ ቀጠን፣ እግሯና ጅራቷ ረዘም ይላሉ። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ጅራቷንም ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ስትነሣ የጅራቷ ዳር ነጭ ነው። በብርዱ ወራት አውሮፓ ወይም እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከስካይላርክ ተጠንቀቁ፤ እሷም ትንሽ ቁንጮ አላት፣ ነገር ግን የጅራቷ ዳርና የክንፏ የኋላ ጠርዝ ነጭ ነው።

ቴክላ ማን ናት? ወፏስ በእኛ አገር ከመቼ ጀምሮ ትታወቃለች?

ቴክላ ብሬም የጀርመናዊው ተፈጥሮ ተመራማሪ የአልፍሬድ ብሬም እህት ነበረች። አልፍሬድ ስፔን ውስጥ ያገኛትን ወፍ እ.ኤ.አ. በ1857 ሲሰይም በዚያው ዓመት በሞተችው እህቱ ስም ጠራት። ባለቁንጮዋ ከዚያ 99 ዓመት ቀድማ፣ በ1758፣ ለሕያዋን ሳይንሳዊ ስም በማውጣት በሚታወቀው ስዊድናዊ በሊኔየስ ተሰይማ ነበር። ብሬም እ.ኤ.አ. በ1862 በአሁኗ ኤርትራ በኩል እስከ መንሳ ምድር ድረስ ተጉዟል።

በእኛ ደጋ ላይ ያለችው ቴክላ በሳይንስ መዝገብ የገባችበት አጋጣሚ የመቅደላ ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ጦር አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት እ.ኤ.አ. በ1868 ሲዘምት ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ባለሙያ አብሮ ነበር። ድንጋይ ከማጥናቱ ጎን ወፍና እንስሳ ይሰበስብ ነበርና በ1869 ለደጋችን ቴክላ «ፕሬተርሚሳ» የሚል ስም አወጣላት። በላቲን «ሳትታይ የታለፈች» ማለት ነው። ለላርክ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ጎጇን ባገኝ መለየት እችላለሁ?

በጎጆና በእንቁላል መለየት አይሞከርም። ሁለቱም ከሳር ጉቶ ወይም ከድንጋይ ሥር ትንሽ ጎድጓዳ ይጭሩና በሳር ሥርና በቀጭን ገለባ ይለብጡታል። ብዙ ጊዜ የሚጣለው ከ3 እስከ 5 ቡናማ ነቁጥ ያለበት እንቁላል ነው። እናቲቱ ከ11 እስከ 13 ቀን ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በ9 ቀን ገደማ፣ መብረር ሳይችሉ፣ ጎጆውን ለቀው ሳር ውስጥ ይበታተናሉ።

ስለዚህ «የወደቀች» መስላ መሬት ላይ የምትገኝ ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ አልወደቀችም። እናትና አባቷ በአቅራቢያው ነፍሳት ይዘው እርስዎ እስኪሄዱ እየጠበቁ ነው። ባለችበት ይተዋት፤ ከብት የሚያልፍበት ጥርጊያ ላይ ከሆነች ብቻ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ሳሩ ያስጠጓት። ጎጆ ካዩ ሳሩን ገልጠው ፎቶ አያንሡ፤ የተገለጠ ሳር ለቁራና ለውሻ ምልክት ነው።

ፎቶ አንሥቼ ለሌላ ሰው ላሳይ ብል የትኛውን ክፍል ልያዝ?

ቢያንስ ሦስት ፎቶ ይያዙ፦ ጭንቅላትና ምንቃር ትክክል ከጎን፣ ደረት ከፊት፣ ስትነሣ ደግሞ የተዘረጋ ጅራትና ክንፍ። ከቆመ ሰው ቁመት ወደ ታች የተነሣ ፎቶ ምንቃሩን ያሳጥራል፣ ደረቱንም ይደብቃል። በርከክ ወይም ተኛ ብለው ከወፏ ዓይን ደረጃ ያንሡ። መኪና ውስጥ ሆኖ ሞተር አጥፍቶ በመስኮት ማንሣት ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ላርክ እግረኛን እንጂ መኪናን ብዙም አትሸሽም። ለበረራ የካሜራውን ፍጥነት 1/2000 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ያድርጉት።

ሰዓቱም ይወስናል። ፀሐይ እንደወጣች ያለው ብርሃን ማንኛዋንም ላርክ ዳማ ያደርጋታል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፣ ጥርት ያለው የደረት ጭረትም ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ያለው ይሻላል። ስስ ደመና ካለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ።

መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ቀለሟ አልገጠመም። ለምን?

መጽሐፉ ምናልባት የስፔኗን ወፍ ነው የሳለው። ላርኮች የሚኖሩበትን አፈር መልክ ይይዛሉ፤ ቀይ አፈር ላይ ያሉት ይቀላሉ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሉት ይጠቁራሉ፣ አሸዋ ላይ ያሉት ይነጣሉ። አሞራና ጭልፊት በቀላሉ የሚያዩትን እየለቀሙ ስለሚበሉ፣ ተርፎ የሚዋለደው ከአፈሩ ጋር የተመሳሰለው ነው። በዚህ ምክንያት ባለቁንጮዋ ብቻ ከ30 በላይ ንዑስ ዝርያዎች ተሰይመውላታል። ቴክላም በእኛ ቀጠና የየራሷ መልክ አላት፦ የሰሜኑና የመሐሉ ደጋ አንድ፣ የባሌና የአርሲ ሌላ፣ የጅጅጋና የሐረር ሌላ፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ እስከ ሰሜን ኬንያ ያለውም እንዲሁ ሌላ።

በዚህ ላይ አቧራ አለ። ላርክ በውኃ አትታጠብም፣ በአቧራ ነው የምትታጠበው። ሆዷን መሬት አስነክታ በክንፏ አፈሩን ጀርባዋ ላይ ትበትናለች። ቀይ አፈር ላይ የታጠበች ወፍ ሆዷ ድረስ ቀልታ ትውላለች፣ ዝናብ ሲመታት ደግሞ በማግስቱ ግራጫ ሆና ትገኛለች። ያረጀ ላባም ጠርዙ እያለቀ ስለሚሄድ ያው ወፍ ከወራት በፊት ከነበረችው ጠቆር ትላለች። ስለዚህ «ቀላ ትላለች» ወይም «ግራጫ ነች» የሚል ማስታወሻ ብቻውን ለመለየት አይበቃም። የምንቃር ቅርጽና የጭረት ጥራት አቧራ አይለውጣቸውም፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ መጀመሪያ የሚገቡት እነሱ ናቸው።

የክንፏ ውስጥ ቀለም ይለያል ይባላል። እውነት ነው?

ስፔንና ፖርቱጋል ላይ ይሠራል። እዚያ የቴክላ የክንፍ ውስጥ ግራጫ ሲሆን የባለቁንጮዋ ወደ ገለባና ዳማ መልክ ያደላል። ከዚያ ወዲህ ግን ብቻውን አይታመንም፤ ሰሜን አፍሪካ ላይ ሁለቱ በዚህ ይቀራረባሉ። የአውሮፓ መጽሐፍ ይዞ የእኛን ወፍ በክንፍ ውስጥ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው።

ፈቃድ ኖሯቸው ወፍ በመረብ ይዘው ቀለበት የሚያስሩ ሰዎች የሚያዩት ሌላ ነገር አለ። በክንፉ ጫፍ ያለችውን እጅግ አጭሯን የመጨረሻ የበረራ ላባ ይፈልጉና ከላይዋ ከሚሸፍኑት ትናንሽ ላባዎች ጋር ያስተያዩአታል። በቴክላ ከመሸፈኛዎቹ አልፋ ትወጣለች። በባለቁንጮዋ አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ታንሳለች ወይም ትተካከላለች። ይህ በጣም ጥሩ በሆነ የበረራ ፎቶ ላይም አንዳንዴ ይታያል፤ ላባ እየቀየረች ባለች ወፍ ወይም በጫጩት ላይ ግን አይሠራም።

ቆላ ላይ ያየኋት ሁሉ ባለቁንጮዋ ናት?

አይደለችም፤ «ደጋ ቴክላ፣ ቆላ ባለቁንጮ» የሚለው ሕግ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ቴክላ በምሥራቅና በደቡብ ወደ ዝቅተኛው ደረቅ ምድር ትወርዳለች፣ ሶማሊያ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ድረስ ትደርሳለች። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ዲዳ ገልገሉ የሚባለው የጥቁር ድንጋይ በረሃ የቴክላ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ቱርካና ሐይቅ ዙሪያ ያለው አሸዋ ደግሞ የባለቁንጮዋ ነው።

እዚህ ከከፍታ ይልቅ የቆሙበትን መሬት ይመልከቱ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ኮረትና ተዳፋት ከሆነ ወደ ቴክላ ያዘነብላል። ልል አሸዋ፣ ጨዋማ ሜዳ፣ የወንዝ ደለልና የመንደር ዳር ከሆነ ወደ ባለቁንጮዋ። ሁለቱ አፈሮች በሚገናኙበት ቦታ፣ ለምሳሌ ደረቅ ወንዝ ድንጋያማ ሜዳን ሲያቋርጥ፣ መሬቱም አይረዳምና ወደ ምንቃሩ መመለስ ነው።

ምልክቶቹ እርስ በርስ ቢጣሉስ? ምን ብዬ ልመዝግብ?

ምንቃሯ አጭር፣ ጭረቷ ደብዛዛ፣ ጥሪዋ ያልተሰማ ወፍ ታጋጥማለች። መጀመሪያ ዕድሜዋን ያጣሩ፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ወፎች የዘንድሮ ጫጩቶች ናቸው። ቀጥሎ አጠገቧ ያሉትን ይመልከቱ፤ ላርኮች ከእርባታ ወቅት ውጭ በትናንሽ ቡድን ስለሚለቅሙ ያደገችው ጓደኛዋ መልሱን ልትሰጥ ትችላለች። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል አርፈው ይቀመጡ፤ ካልተረበሸች መጣራቷ አይቀርም።

ያም ካልሆነ «ጋሌሪዳ፣ ዝርያዋ ያልተለየ» ብለው ይጻፉ፤ ኢበርድን የመሳሰሉ የኢንተርኔት የወፍ መዝገቦችም ይህን ይቀበላሉ። ከሥሩ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የአፈሩን ዓይነትና መልክ፣ ሰዓቱን፣ ያዩትን የምንቃር ጠርዝ ይጨምሩበት። በተለይ ደጋ ላይ «ባለቁንጮ ላርክ» ብሎ መመዝገብ ያለ ፎቶና ያለ ድምፅ አይሞከር። የምሥራቅና የደቡብ ቆላ ማስታወሻዎች ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋሉ፤ የሁለቱ ድንበር የሚያልፈው በዚያ ነውና ያልተለየች ወፍ እንኳ አፈሩ ከተጻፈላት ጥቅም አላት።